ግልጽ ደብዳቤ፦ የኮሌጃችን መዛግብት ለጨረታ አይቅረቡ

ለኮሌጃችን የሥራ አመራር ቦርድ
ለኮሌጁ ዲን ጽሕፈት ቤት
ለንብረት ማስወገድ ኮሚቴ

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ የተከበሩ ዲን፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በዚህ ኮሌጅ የተማርን፣ ያስተማርንና በመዝገብ ቤቱ ሠርተን ጡረታ የወጣን ሰዎች ነን። አብዛኞቻችን ዕድሜያችን ገፍቷል። አንዳንዶቻችን የምንኖረው ከአገር ውጭ ነው። የሚያገናኘን ኮሌጁ ነው።

የመዝገብ ቤቱ ክፍሎች ለቢሮ እንዲለቀቁ ተወስኗል። ከኮሌጁ ምሥረታ ጀምሮ የተጠራቀሙት መዛግብት ከመደርደሪያቸው ወርደው ከወርክሾፑ ጀርባ ወዳለው የቆርቆሮ መጋዘን ተወስደዋል። ብዙም ሳይቆይ የሚወገዱ ንብረቶች ዝርዝር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ከተሰበሩ ወንበሮችና ካረጁ ጎማዎች ቀጥሎ «ልዩ ልዩ ያገለገሉ ወረቀቶች» የሚል መስመር አለበት። በኪሎ ተመዝነው እንዲሸጡ ነው የታሰበው። መጀመሪያ በቃል አመለከትን። ከዚያ በጽሑፍ ጠየቅን። «ጉዳዩ በኮሚቴ ተይዟል» ከመባል ያለፈ መልስ አላገኘንም። ጨረታው ሳይከፈት ነገሩን ወደ አደባባይ ማውጣት ግድ ሆነብን።

የኮሌጁን ስም ሆን ብለን አልጻፍነውም። ዓላማችን ሰው ማሳጣት አይደለም። ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ የሚመለከታቸው ያውቁታል። በሌሎች ነባር ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆችም ተመሳሳይ ነገር እንዳለ ከባልደረቦቻችን እንሰማለን፤ እነሱም ቢያነቡት ደስ ይለናል።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ውሳኔው ሳጥኖቹ ሳይከፈቱ መወሰኑ ነው። የንብረት ማስወገድ ኮሚቴው ውስጥ የፋይናንስ ሰው አለ፣ የግዥ ሰው አለ፣ የጥበቃ ኃላፊ አለ። የታሪክ መምህር የለም። ከሬጅስትራር ቢሮ የተወከለ የለም። መዝገቡን ለዓመታት ሲያደራጁ የኖሩ ሠራተኞች እዚሁ ከተማ እየኖሩ አንድም ሰው ጠርቶ አላነጋገራቸውም። እነዚህ ሰዎች የትኛው ሳጥን ምን እንደያዘ በቃላቸው ያውቃሉ። ስላልተጠየቁ እኛ እዚህ እንናገርላቸው።

የተማሪዎች ማኅደር አለ። በድሮው የመግቢያ ቅጽ ላይ ተማሪው ስሙን እስከ አያቱ ይጽፋል። የተወለደበትን ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ወረዳና ምክትል ወረዳ ይሞላል። የአባቱ ሥራ ይጠየቃል። ፎቶግራፉ በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል፤ ቁልፉ ዝጎ ወረቀቱን ቡናማ አድርጎታል። ጠቅላይ ግዛቱ በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገር ሆነ። ከ1980ዎቹ ወዲህ ክልልና ዞን መጣ። በዚህ መሀል ብዙ የወረዳና የአጥቢያ ስሞች ከካርታ ላይ ጠፍተዋል። በቅጾቹ ላይ ግን ባለቤቶቹ በእጃቸው እንደጻፏቸው አሉ። የገበሬ ልጅ እንዴት አድርጎ ኮሌጅ ደጃፍ እንደደረሰ ማጥናት የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከየት ያመጣል?

ከቅጾቹ ጋር ወላጆች የላኳቸው ደብዳቤዎች ተሰፍተዋል። አንዱን በመዝገብ ቤቱ የሠራን ሁሉ እናውቀዋለን። ፍርድ ቤት ደጃፍ በሚቀመጥ ጸሐፊ እጅ የተጻፈ ነው። ከግርጌው የአባትየው የአውራ ጣት አሻራ በወይን ጠጅ ቀለም አርፏል። ልጃቸው ለአጨዳ ጥቂት ቀን እንዲለቀቅላቸው ይለምናሉ። አንዱ በሬያቸው ሞቷል፤ የሚያግዛቸው ጎረቤትም ታሟል። ዳይሬክተሩ በኅዳጉ ላይ በቀይ እርሳስ «ይፈቀድለት፤ ፈተናውን ሲመለስ ይውሰድ» ብለው ፈርመውበታል። አንዲት ቅጠል ወረቀት ናት። የዚያን ዘመን ገበሬ፣ ተማሪና የትምህርት ቤት ኃላፊ እንዴት ይነጋገሩ እንደነበር በዚህች ወረቀት ላይ ይታያል። እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች በርካታ ናቸው። አሁን ቆርቆሮ ሥር፣ ወለል ላይ ተከምረዋል።

የግምጃ ቤቱ መዝገብ አለ። ኮሌጁ አዳሪ ተማሪ በሚቀበልበት ዘመን የገባና የወጣ እህል በየቀኑ ይመዘገብ ነበር። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቅቤ፣ ዘይት፣ ማገዶ። ስንት ኩንታል እንደሆነ፣ ከየትኛው ነጋዴ እንደተገዛ፣ በስንት ብር እንደተገዛ ተጽፏል። የጾምና የፍስክ ቀን በዓምድ ተለይቷል። የሙስሊም ተማሪዎች ሥጋም ለብቻው ገጽ አለው። ይህን የሚያነብ ሰው ተማሪው ምን በልቶ እንደተማረ ብቻ አይደለም የሚያውቀው። የክፍለ ሀገር ከተማ የእህል ዋጋ ከሳምንት ሳምንት እንዴት ይወጣና ይወርድ እንደነበር ያያል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎና ትግራይ በረኀብ ሲመቱ የሌላው ከተማ ገበያ ምን ሆነ ብሎ ለሚጠይቅም መልሱ ያለው እንዲህ ባለ መዝገብ ውስጥ ነው። የዚያን ረኀብ ታሪክ ስናነሣ ማስረጃ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እናስታውሳለን። ባለሥልጣናቱ ነገሩን ሸፍነው ሳለ በ1965 ዓ.ም. ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው መጡ፤ ፎቶግራፎቹ በግቢው ታዩ። ከዚያ በኋላ «የለም» ብሎ መካድ እያስቸገረ ሄደ።

የእርሻ ክፍሉ የዝናብ ደብተሮችም እዚያው ናቸው። ጠዋት ጠዋት መለኪያው እየታየ በሚሊሜትር ይጻፍ ነበር። በረዶ የወረደበት ቀን፣ ውርጭ የመታበት ሌሊት፣ አንበጣ የታየበት ሳምንት በትንንሽ ፊደል በጎን ተጽፏል። ለአንድ የፋይናንስ ሠራተኛ ይህ የቁጥር ክምር ሊመስለው ይችላል። አንፈርድበትም። ግን በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 መጀመሪያ ወባ ብዙም በማትታወቅባቸው ከፍ ያሉ አካባቢዎች ወረርሽኝ ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ በጊዜው ተገምቷል። ባለሙያዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ካዩት ዋናው የዝናቡና የሙቀቱ ሁኔታ ነበር። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲከፈትም ከበስተጀርባው ጥቂት ቀደም ብሎ ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። የዝናብ ልማድ ተለዋወጠ እያልን በምናማርርበት በዛሬው ጊዜ፣ ከወላጆቻችን ዘመን ጀምሮ የተመዘገበ የአንድ ቦታ ዝናብ በኪሎ መሸጥ ምን የሚሉት ነገር ነው?

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ።

በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ሲጀመር 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ከኮሌጃችንም የዘመቱት ስም፣ የተመደቡበት ጣቢያ፣ የተሰጣቸው ብርድ ልብስና ጫማ ሳይቀር ተመዝግቧል። ከጣቢያ የጻፏቸው ሪፖርቶች አሉ። ያኔ የመሬት አዋጁ ገበሬው መንደር ሲደርስ ምን እንደመሰለ በሃያ ዓመት ወጣት እጅ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ የቀይ ሽብር ዓመታት፣ 1969 እና 1970፣ መጡ። የተማሪዎች መዝገብ ላይ ከአንዳንድ ስሞች አጠገብ «ከትምህርት ገበታው የተለየ» የሚል ብቻ ተጽፏል። ቀን አለ፤ ምክንያት የለም። ያን ዘመን የኖረ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

ወንድሟ ከእነዚህ ስሞች አንዱ የሆነ እኅት አለችን። የምትኖረው ውጭ አገር ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ፍተሻ ፈርቶ ወረቀትና ፎቶግራፍ እያቃጠለ ነበር። የእሷም ቤተሰብ አቃጠለ። የወንድሟ መልክ ያለበት አንድም ፎቶ አልቀረም። ከማኅደሩ ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ ብቻ ቀድተው እንዲሰጧት ለኮሌጁ ጻፈች። ደጋግማ ጻፈች። ሰው ላከች። «መዝገቡ ወደ መጋዘን ስለተዛወረ ማግኘት አይቻልም» የሚል መልስ ደረሳት። እናትየው በሕይወት አሉ፤ ዕድሜያቸው ግን ሄዷል። የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ ይህ ፎቶ «ያገለገለ ወረቀት» ተብሎ ለጨረታ ከወጣው ክምር ውስጥ ነው ያለው። ሌላውን ሁሉ ብትተዉት እንኳ ለዚህ ስትሉ ጨረታውን አቁሙልን።

በሕይወት ያለነውንም ቢሆን ጉዳዩ በቀጥታ ይነካናል። አንድ መምህር ጡረታ ሊወጡ ሲሉ በኮሌጁ ያገለገሉባቸው የመጀመሪያ ዓመታት እንዲያዙላቸው የቅጥር ደብዳቤና የደመወዝ መዝገብ ተጠየቁ። ሁለቱም በመዝገብ ቤቱ ነበሩ። ክፍሉ በተለቀቀ ሰሞን ሄደው «አልተገኘም» ተባሉ። ያለዚያ አገልግሎት የተሰላውን ጡረታ ተቀብለው ቤታቸው ገቡ። አሜሪካ ሆነው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ ማለትም በኮሌጁ የተረጋገጠ የውጤት ማስረጃ፣ የሚያስልኩ ምሩቃንም እንዲሁ እየተጉላሉ ነው። እዚያ የትምህርት ማስረጃ ከሚገመግሙ ድርጅቶች ብዙዎቹ ባለቤቱ ይዞት የመጣውን ኮፒ አይቀበሉም፤ ከተቋሙ በቀጥታ እንዲላክላቸው ይፈልጋሉ። ኮሌጁ «ፋይሉ የለም» ካለ የሰውየው የትምህርት ዘመን እንዳልነበረ ይቆጠራል። አንዲት ምሩቅ በዚህ ምክንያት የነርስነት ፈቃድ ማመልከቻዋ ተንጠልጥሎባታል።

ስለ አያያዙም የምንለው አለ። መዛግብቱ የተጓጓዙት በጭነት መኪናና በጋሪ ነው፤ ይህ አያስከፋንም። የሚያስከፋን ያለ ዝርዝር መጓጓዛቸው ነው። በመደርደሪያው ላይ የነበረው ቁጥር አልተመዘገበም። የገቢና ወጪ ደብዳቤ መመዝገቢያው፣ ማለትም የትኛው ደብዳቤ በየትኛው ፋይል እንዳለ የሚጠቁመው ትልቁ መዝገብ፣ ከፋይሎቹ ተለይቶ የት እንደገባ አይታወቅም። ቅደም ተከተሉ የጠፋበት ማኅደር ክሩ እንደተበጠሰ መቁጠሪያ ነው። ሁሉም እዚያው አለ፤ ግን መልሶ ለመደርደር የድሮዎቹን ሠራተኞች ይጠይቃል፤ እነሱ ደግሞ ሁልጊዜ አይኖሩም። የመጋዘኑ ጣሪያ ያፈሳል። ወለሉ ሲሚንቶ አይደለም። ምስጥ ከታችኛው ረድፍ ጀምሯል። ከሳጥኖቹ አጠገብ የቀለም ቆርቆሮና የጄኔሬተር ነዳጅ ተቀምጧል። ይህን ያየነው በበሩ ክፍተት ነው፤ እንድንገባ አልተፈቀደልንም።

እስካሁን ጨረታው ባይከፈትም ወረቀቱ መውጣት የጀመረ ይመስላል። ከመሀላችን አንዷ ከግቢው ፊት ለፊት ካለ ሱቅ ቆሎ ገዛች። የተጠቀለለበት ወረቀት የኮሌጁ ክሊኒክ የሕክምና ካርድ ነበር። የታካሚው ስም፣ ዕድሜው፣ ሕመሙና የታዘዘለት መድኃኒት ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ታካሚው እዚያው ከተማ የሚኖር፣ ልጆች ያሉት ሰው ነው። ካርዱን ለኮሌጁ አስተዳደር በደብዳቤ አያይዘን መልሰናል። ባለሱቁ ላይ ቅሬታ የለንም፤ ወረቀት ገዝቶ ነው። ኮሌጁ ግን የሰዎችን ምስጢር በአደራ ተቀብሎ ነበር። በዚያ መጋዘን ውስጥ የሕክምና ካርድ ብቻ አይደለም ያለው። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ አለ። የምስጢር ደብዳቤዎች አሉ። ተማሪዎች ስለ ቤተሰባቸው ችግር ለአማካሪ የጻፏቸው ማመልከቻዎች አሉ። እነዚህ በኪሎ ተሽጠው ነገ በየሱቁ በርበሬና ሚጥሚጣ ቢጠቀለልባቸው ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?

ለጥያቄያችን ከአስተዳደሩ ሰዎች በቃል የሰማናቸው መልሶች ሦስት ናቸው። ቦታ የለም፤ ገንዘብ የለም፤ ደግሞ «ስካን ይደረጋል»።

ቦታ መጥበቡን እናምናለን። የተማሪው ቁጥር ጨምሯል፤ ቢሮ ያስፈልጋል። ሁሉም ወረቀት ለዘላለም ይቀመጥም አንልም። የጽሕፈት መሣሪያ መጠየቂያ ቅጾች፣ በሦስትና በአራት ኮፒ የተያዙ ደረሰኞች፣ የመኪና መውጫ ፈቃዶች፣ ባዶ ቅጾች ቢወገዱ ማንም አይጎዳም። በኛ ግምት የክምሩ ትልቁ ክፍል እሱ ነው። በሙያው የሠለጠነ ሰው ቢለየው የቀረው ሁለት መጠነኛ ክፍሎች ይበቁታል። ችግሩ ሳይለይ አንድ ላይ «ወረቀት» ተብሎ መጠራቱ ነው።

ስካን የሚለውን በደስታ ሰምተን ነበር። አንድ ጊዜ ተጀምሮ እንደነበርም እናውቃለን። ጥቂት ማኅደር ተነሣ፣ ሥራው ተቋረጠ፣ ምስሉ ያለበት ሃርድ ዲስክ ከአንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ምስሎቹም ስም አልተሰጣቸውም፤ በቁጥር ብቻ ተሰልፈዋል። እንዲህ ያለ ስካን ወረቀቱን ለመጣል ማመካኛ ሊሆን አይገባም። የብራና መጻሕፍቶቻችን በ1960ዎቹ አጋማሽ በማይክሮፊልም መነሣት ሲጀምሩ ሥራው በማንሣት አላበቃም። ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ቁጥር ተሰጣቸው። ከዚያም እንደ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያሉ ሊቃውንት ለዓመታት ተቀምጠው እያንዳንዱ ምን እንደያዘ መዘገቡ። ዛሬ በሚኒሶታ ቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ያለውን ቅጂ የትም ያለ ተመራማሪ ፈልጎ የሚያገኘው በዚያ ካታሎግ ምክንያት ነው። ለኮሌጃችን መዛግብትም መጀመሪያ ዝርዝር ይውጣ፤ ስካኑ ይከተል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ መዛግብቱ ተሽጠው የሚገኘው ለአንድ ቢሮ ጠረጴዛ እንኳ መግዣ አይሆንም። የምንችለውን ለማዋጣት ደግሞ እኛው ተዘጋጅተናል፤ ከዚህ በታች እንገልጻለን።

በመዛግብቱ ውስጥ ስላሉት የደብዳቤ ልውውጦችም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታ ትምህርት ቤቶችና ኮሌጆች ሲቋቋሙ ብዙ ጽሕፈት ተጽፏል። በ1944 ዓ.ም. ከኦክላሆማው የእርሻና መካኒካል ኮሌጅ ጋር በተፈረመው ውል የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ በኋላም የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ የተደራጁበት ታሪክ ከሁሉ የታወቀው ነው። የአሜሪካ መንግሥት በእጁ ያለውን የዚያን ዘመን የእርዳታ ሰነድ ሜሪላንድ ውስጥ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አስቀምጦታል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወገናችን ከቤቱ ወጥቶ ብዙ ሳይርቅ ሊያነበው ይችላል። እነሱ ያስቀመጡት ግን የእነሱን ወገን ነው። ኢትዮጵያውያኑ ዳይሬክተሮች ምን ጠየቁ? የትኛውን ምክር አንቀበልም አሉ? በአማርኛ በተጻፈው የውስጥ ማስታወሻ ላይ ምን ተባባሉ? ያ ያለው በካርቦን በተቀዱት ስስ ወረቀቶች ላይ ነው፤ እነሱም ያሉት እኛው ጋ ነው። እነሱን ከጣልን ስለ ራሳችን ትምህርት ቤቶች ለማወቅ ባሕር ተሻግረን የሌላውን ወገን ቃል ብቻ እናነባለን።

ፎቶግራፎቹን፣ የሕንፃ ፕላኖቹን፣ በስቴንስል የታተሙትን የተማሪ መጽሔቶችና የስፖርት ቀን ፕሮግራሞች ለመዘርዘር ጊዜያችሁን አንወስድም። ገብታችሁ እዩዋቸው።

አደጋ ሲመጣ አያስጠነቅቅም። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ከቴብል ማውንቴን ግርጌ የተነሣ እሳት የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲን የጃገር ንባብ አዳራሽ አቃጥሎ ስለ አፍሪካ የተሰበሰቡ ብዙ መጻሕፍትና ሰነዶች አወደመ። ከምድር ቤት የነበረውን ክምችት ያተረፉት በጊዜ የወረዱት የእሳት መከላከያ በሮች ናቸው። ውኃ ያረጠበውን ደግሞ በጎ ፈቃደኞች ተሰልፈው ሳጥን በሳጥን አወጡት። እዚያ ሰዎቹ ጠብቀውትም ይህ ደረሰ። የኛ መዛግብት ያሉት ከነዳጅ ጎን ነው።

ሕጉም ከኛ ጋር ነው ብለን እናምናለን። ኮሌጁ የመንግሥት ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179/1991 የወጣው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ እንደ ማንኛውም ያገለገለ ዕቃ እንዳይታይ ነው። የንብረት ማስወገድ መመሪያ ለወንበርና ለጎማ ነው። አስተዳደሩ በየትኛው አንቀጽ መሠረት መዛግብቱን በዚያ ዝርዝር እንዳስገባ በጽሑፍ እንዲያስረዳን ጠይቀን ነበር። አሁንም እንጠይቃለን።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት «ልዩ ልዩ ያገለገሉ ወረቀቶች» የሚለው መስመር ከጨረታው ዝርዝር ይውጣ፤ መውጣቱም በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። መጋዘኑ ይታሸግ፤ ቁልፉ በሬጅስትራርና በቤተ መጻሕፍት ኃላፊው እጅ ይሁን። ነዳጁና ቀለሙ ዛሬውኑ ከዚያ ይነሡ። ሳጥኖቹ ከወለል ከፍ ብለው በእንጨት ላይ ይቀመጡ። ለዚህ በጀት አያስፈልግም።

ቀጥሎ ቦርዱ የታሪክ መምህር፣ ሬጅስትራር፣ የሕግ ባለሙያ፣ ቢያንስ ሁለት የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኞችና የምሩቃን ተወካይ ያሉበት ኮሚቴ ያቋቁም። የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ባለሙያ እንዲልክ በደብዳቤ ይጠየቅ። ምን እንደሚቀመጥና ምን እንደሚወገድ ይህ ኮሚቴ ሳጥን ከፍቶ፣ ዝርዝር አውጥቶ ይለይ። የሚወገደውም ቢሆን የሰው ስምና ምስጢር ያለበት ከሆነ ይቆራረጥ እንጂ አይሸጥ። የሕክምና ካርዱ እንዴት ሱቅ እንደደረሰ ይጣራ።

የጡረታና የትራንስክሪፕት ጥያቄ ያላቸው ሰዎች እስኪለይ ድረስ አይጠብቁ። የእነሱ ፋይል አስቀድሞ ይፈለግ። የእኅታችን ጥያቄ ከሁሉም ይቅደም። ማኅደሩ የተቀመጠበትን ረድፍ የሚያውቁት ሠራተኛ መጋዘኑ በተከፈተ ቀን መጥተው ለመፈለግ ዝግጁ መሆናቸውን ነግረውናል።

በኛ በኩል የቀድሞ ሠራተኞች ያለ ክፍያ መጥተው በመደርደርና በመመዝገብ ያግዛሉ። ውጭ አገር ያሉ ምሩቃን ለመደርደሪያ፣ ለካርቶንና ለአንድ ስካነር የሚሆን ገንዘብ ለማዋጣት ቃል ገብተዋል። ገንዘቡ የሚሰጠው ጨረታው መሰረዙ በጽሑፍ ሲገለጽ ነው። ቦርዱ በሚመቸው ቀን ተወካዮቻችንን እንዲያነጋግር እንጠይቃለን። የጨረታ ሰነድ መሸጥ ከመጀመሩ በፊት መልስ ካላገኘን አቤቱታችንን ለትምህርት ሚኒስቴርና ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም እናቀርባለን።

ከአክብሮት ጋር

የኮሌጁ የቀድሞ ተማሪዎች ተወካይ
የኮሌጁ ጡረተኛ መምህራን ተወካይ
የቀድሞው የመዝገብ ቤት ኃላፊ፣ በባልደረቦቻቸው ስም
በውጭ አገር የሚኖሩ ምሩቃን አስተባባሪ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት
ለኮሌጁ የመምህራን ማኅበር
ለኮሌጁ የተማሪዎች ኅብረት